የተራራ ጾም

ላስታ ሐይቅ የላትም። ከላሊበላ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጡ የሚያገኙት ገደልና አምባ፣ ከአምባው ማዶ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ሌላ አምባ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰው ትኩስ ዐለት በላይ በላዩ ተነባብሮ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ወዲህ ወንዞች ያን ንብርብር ሲሸረሽሩ ኖረዋል። ውሃ ተኝቶ የሚያድርበት ጎድጓዳ አላስቀሩም። የክረምት ዝናብ መሬት እንደነካ ቁልቁል መንገዱን ይጀምራል። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ደጋ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ኋላ ወደ ሰሜን ታጥፎ፣ የሰሜን ተራሮችን ግርጌ ዞሮ ሱዳን ይገባና ከአትባራ ጋር ወደ ዓባይ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ይህን ውሃ አግዶ በትግራይና በዋግ ኽምራ መካከል ረጅም ሐይቅ አድርጎታል። የላስታ ዝናብ ሐይቅ የሚሆነው ላስታን ከለቀቀ በኋላ ነው።

የወሎ ሐይቆች በስተምሥራቅ ናቸው፤ ደጋው ወደ አፋር ዝቅታ በሚሰበርበት ጠርዝ፣ መሬቱ ራሱ በሰመጠበት ቦታ። በደቡብ «ሐይቅ» ተብሎ የሚጠራውና አርዲቦ አሉ፤ ወደ ሰሜን፣ ከኮረም አለፍ ብሎ፣ ሐሸንጌ አለ። ከከተማ ጫጫታ ሸሽቶ በተራራ መካከል ጸጥ ያለ ውሃ የሚፈልግ ሰው ወደነዚህ ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። እኔ ላስታን መረጥኩ፤ የመረጥኳትም ሐይቅ ስለሌላት ነው። ሐይቅ ባለበት ቦታ ጸጥታውን የሚሠራው ውሃው ይመስላል። ውሃው ስለረጋ እኛም እንረጋለን፤ ማን እንዳረጋው አንጠይቅም። ዐለትና ነፋስ ብቻ ባለበት ተራራ ላይ ያው እርጋታ ሲያገኘን ግን ጥያቄው አይቀርም። ይህን ጸጥታ የሚሠራው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው?

በእርግጥ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያየ ሰው ውሃ ብቻውን ጸጥታ እንደማይሠራ ያውቃል። ገዳሙ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው ያ መሬት ቀድሞ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ተቀምጠው ያቆሙት ትምህርት ቤት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ብዙ መነኮሳትን አፍርቷል። አሁን በውሃው አንድ ዳር፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ወጣቶች ዓሣ እያስጠበሱ፣ ሙዚቃ ከፍተው ይጫወታሉ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። በገዳሙ በኩል ሴት አይገባም፤ የገባውም ወንድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ውሃው አንድ ነው፤ የሚነፍሰውም ነፋስ አንድ ነው። አንዱን ዳር ከሌላው የለየው፣ ሰዎች ሰባት መቶ ዓመት ራሳቸውን የከለከሉት ነገር ነው። ሴቶችን የከለከለው ሥርዓት ላይ ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኔ አሁን የምፈልገው መከልከል ራሱ በአንድ ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት ነው።

ላስታም ብትሆን የረጋ ውሃ ጨርሶ የላትም ማለት አይደለም። ከላሊበላ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በዋሻ ውስጥ በተሠራው በናኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። ጠብታው የሚወድቅባቸው ድንጋዮች መካከላቸው ጎድጉዷል፤ በዚያ የተጠራቀመው ጸበል ነው። እዚያ ቆሜ አንዱን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ጠብታው ሲወድቅ የውሃው ፊት ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡ የድንጋዩን ጠርዝ ነክቶ ሳይመለስ ሌላ ጠብታ ይደርሳል። አንድ ሰው ቆርጦ ቢነሣ በአንድ ጣሳ ሊጨርሰው የሚችል ውሃ ነው። ግን ሰው ሁሉ የሚወስደው ለመቅመስና ለመቀባት የሚበቃውን ያህል ብቻ ስለሆነ አያልቅም። ከዚያ ራቅ ብሎ በይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ የነገሠው ንጉሥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ካህናቱ ወለሉ ያረፈው ውሃ ባዘለ ረግረግ ላይ መሆኑን ይናገራሉ። ያ ሁሉ ማኅሌት፣ ያ ሁሉ ሽብሸባ የሚቆመው ከሥሩ ባለ ውሃ ላይ ነው። ላስታ ውሃን በስፋት መያዝ አልቻለችም፤ በጥንቃቄ መያዝን ግን ተምራለች።

ይህን ትምህርት የላስታ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቅበት መንገድ አለው፤ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከገና በፊት የነቢያት ጾም አለ፤ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ፤ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ። በወሎ ደግሞ የጎረቤቱ ረመዳን አለ፤ ክርስቲያኑ የጎረቤቱን የኢፍጣር ሰዓት ያውቃል፣ ሙስሊሙም የጎረቤቱን ፋሲካ ይጠብቃል። ጾም የሚጾመው ምግብ ባለበት ቤት ነው። ላሚቱ ትታለባለች፤ ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው በቅል ተቀምጦ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ጿሚው እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል፤ አይዘረጋም። የማይዘረጋው የሚከለክለው ጠባቂ ስላለ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቢሆንም አይዘረጋም።

ጥብቅ ቦታ የምንለው ነገር፣ በተራራም ሆነ በውሃ ዳር፣ እንዲህ ያለ ጾም ይመስለኛል። ሊያርስ የሚችል እጅ ያላረሰው፣ ሊቆርጥ የሚችል መጥረቢያ ያልቆረጠው፣ ከብቱን ሊነዳበት የሚችል እረኛ ያልነዳበት መሬት ነው። እኛ ጎብኚዎች የምንሰማው ጸጥታ የዚያ ሁሉ ያልተደረገ ነገር ድምር ነው። የመጣነው ልናርፍ ነው፤ ያረፍነው ግን ሌላ ሰው በተወው ነገር ላይ ነው።

ይህን በአቡነ ዮሴፍ ላይ ማየት ይቻላል። ተራራው ከላሊበላ በላይ ተነሥቶ ከ4200 ሜትር ያልፋል። መንገዱ በአሸተን ማርያም በኩል ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንደሮቹ እየሳሱ፣ ትንፋሽ እያጠረ ይሄዳል። ወይራና ጽድ የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብቻ ነው፤ ከግቢው አጥር ውጭ የቀረ ዛፍ ጥቂት ነው። ቀጥሎ የገብስ ማሳ ይመጣል፤ ከ3500 ሜትር በላይም ገብስ አለ። ከገብሱ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ደግሞ የጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። ጠዋት ማልደው ከደረሱ ጓሳው ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያገኙታል፤ ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ጅብራው ሌሊቱን ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ አድሮ፣ ፀሐይ ስትነካው ቀስ እያለ ይከፍታቸዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ክረምትና በጋ በሚፈራረቁበት በዚህ ከፍታ፣ ተክሉም እንኳ የሚኖረው በሰዓቱ በመዘጋትና በሰዓቱ በመከፈት ነው።

ጭላዳዎቹ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ሌሊቱን ካደሩበት ገደል ይወጣሉ። ቁጭ ብለው ነው የሚበሉት። አንዲት እናት ጭላዳ ጥቂት እርምጃ ርቃኝ ተቀምጣ ነበር። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንድ አንድ የሣር ቅጠል ትነቅላለች፤ በአንድ እጅ፣ በሌላ እጅ፣ እየተፈራረቀ፤ መዳፏ ሲሞላ ወደ አፏ ታስገባለች። እንደሷ ያሉ ብዙ ሲሆኑ የሚሰማው ድምፅ የመነቀል ድምፅ ነው፤ ስስ፣ ተከታታይ፣ ብዙ ሴቶች አንድ ላይ ጥጥ ሲያባዝቱ እንደሚሰማው ያለ። ተራራው ጸጥ አለ ስንል እንዲህ ያለ ድምፅ ለመስማት የሚበቃ ቦታ አገኘን ማለታችን ነው። ልጇ ጡት እየጠባ ነበር። በአብዛኛው ሣር በልቶ የሚኖር እንዲህ ያለ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም፤ የሚበላውም ሣር በሬውና በጉ የሚበሉት ሣር ነው። አንዱ የበላው ለሌላው አይተርፍም።

ቀይ ቀበሮ የማየት ዕድል ለሁሉም አይገጥምም። በዓለም ላይ ያለው ለአቅመ መራባት የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 በታች ነው ተብሎ ይገመታል፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ የሚበዛውም በባሌ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ያለው መንጋ ትንሽ ነው። በጎጃም ጮቄ ላይ ነበረ፤ ጠፋ። በጎሽ ሜዳም ነበረ፤ ጠፋ። ተራራ ከተራራ በእርሻ ስለተቆራረጠ አንዱ ጋ የጠፋውን ሌላው ጋ ያለው ሊተካው አይችልም። የሚገድለው ሁልጊዜ ጥይት አይደለም። የመንደር ውሻ የሚያመጣው የእብደት በሽታ አንዱን መንጋ በአንድ ወቅት ሊጨርሰው ይችላል። እንግዲህ እረኛው ውሻውን ሲያስከትብ፣ ወይም ውሻውን ቤት አስሮ ከብቱን ብቻውን ሲጠብቅ፣ እኔ ለማየት የመጣሁትን እንስሳ ያቆየልኝ እሱ ነው። ውሻ የሌለው እረኛ ጅብ ሲመጣ የሚጮኽለት የለውም።

ከላይ፣ ገብሱና ጓሳው በሚዋሰኑበት ቦታ፣ ድንጋዮች ለምልክት ተክበዋል። ገሳ የለበሱ አንድ አዛውንት በጎቻቸውን ከካቡ በታች እየመለሱ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያይቀን ካበቃን በኋላ፣

«አባቴ፣ ከዚህ በላይ ያለው መሬት ገብስ አያበቅልም እንዴ?» አልኳቸው።

«ያበቅላል እንጂ» አሉኝ። «ሲርበን አብቅሎልን ያውቃል።»

«ታዲያ አሁን ለምን አይታረስም?»

«ተስማምተን ነዋ። ዘንድሮ በልጉ ቀንቶናል።»

«ባይቀናስ ኖሮ?»

በትራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው ካቡን አዩት። «እሱን እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል። ስምምነት የሚታየው ያኔ ነው፣ ልጄ።»

የተናገሩት ነገር ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። ጾምን ከረሃብ የሚለየው ነገር እዚህ ጋ አለና። ምግብ የሌለው ሰው አልበላም ቢል ጾመ አይባልም። ጾም የሚሆነው መብላት የሚችል ሲተው ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ስለምታውቅ ነው ሕመምተኛውን ከጾም የምታሳርፈው። በላስታ ምድር ደግሞ ረሃብ የሩቅ ወሬ አይደለም። የ1965ቱ የወሎ ረሃብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ በዚህ ደጋ ካሉት መንደሮች ብዙዎቹን ባዶ አድርገው ነበር። ሰዎች እህል ፍለጋ ወደ ኮረም መጠለያ ጎርፈዋል፤ በመንገድ የቀሩት የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። በዚያን ጊዜ ተራራው ጸጥ ብሎ ነበር። ከሙቀጫና ከበሬ ድምፅ ነጻ፣ ከሕፃን ልቅሶ እንኳ ነጻ የሆነ ጸጥታ። ማንም ሊጎበኘው የማይገባ ጸጥታ ነው። ከረሃቡ በኋላ ሰው ማረሻውን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ አስታው፣ ወደ ጓሳው ከወጣ የወጣው ስግብግብ ስለሆነ አይደለም። ለልጁ እህል ሊያገኝ ነው የወጣው። ያን ማረሻ ወደ ታች መልሱ የሚል ሁሉ ይህን እያወቀ ይበል።

ጸጥታ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ለጎብኚ ቀላል ነው፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይደርሰዋልና። ሐሸንጌን አስቡት። ዛሬ ወፍ የሰፈረበት፣ ዙሪያው በተራራ የታጠረ፣ ዓይን የሚያሳርፍ ውሃ ነው። በመጋቢት 1928 መጨረሻ ግን ከማይጨው ጦርነት የሚመለሰው የኢትዮጵያ ጦር በዚያ ሜዳ ሲያልፍ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዘነቡበት። ሰውና አጋሰስ በውሃው ዳር ወደቀ። አውሮፕላኖቹ ሲሄዱ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይሆናል፤ ውሃ ሌላ አያውቅም። ከዚያ ሽሽት መካከል ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከመንገዳቸው ወጥተው ወደ ላሊበላ ሄደው በአብያተ ክርስቲያናቱ ጸሎት ያደረሱት። ጦራቸው ተበትኗል፤ ጠላት ወደ አዲስ አበባ እየገሠገሠ ነው፤ እሳቸው ከዐለት በተፈለፈለ ቤት ውስጥ ቆመዋል። ብዙዎች ጊዜ አባከኑ ብለው ተችተዋቸዋል። እኔ ልፈርድባቸው አልችልም። ከሐሸንጌ ጸጥታ የመጣ ሰው የላሊበላን ጸጥታ ቢፈልግ ይገባኛል። በአንዱ ሰዎች ዝም ያሉት ስለተገደሉ ነው፤ በሌላው ሊናገሩ እየቻሉ በፈቃዳቸው ነው። ከላይ ለሚያየው ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ላሊበላ ራሷም በቅርቡ ሦስተኛ ዓይነት ጸጥታ አይታለች። መጀመሪያ በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ መጥቶ እንግዳ ቀረ። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከተማዋ ከሐምሌ 2013 ማብቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 በተዋጊዎች እጅ ተፈራረቀች፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ ተመልሶ ደፈረሰ። የሆቴል አልጋ ተነጥፎ ቀረ፤ አስጎብኚው ቋንቋውን የሚናገርበት ሰው አጣ፤ በቅሎ የሚያከራየው በቅሎውን ሸጠ። ቤተ ጊዮርጊስን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ በብቸኝነት ማየት የሚመኝ ሰው በዚያ ወራት ቢመጣ ምኞቱ ይሟላለት ነበር። እኔ በበኩሌ ያን ብቸኝነት አልፈልገውም። የከተማው ልጅ ጦሙን አድሮ የማገኘው ጸጥታ ጸበል አይሆነኝም።

ሰው ተራራን ሊጠብቅ ሲነሣ ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ይመስለኛል፤ በዚህ ቦታ የሚጾመው ሰው የሚበላ አለው ወይ? በአገራችን ሁለት መንገድ ተሞክሯል። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ነበሩ። የሰሜን ተራሮች በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በፓርኩ እምብርት ያለው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያው የግጦሽ ቦታ አገኘ፤ እኔም በዋልያ ነገር ግድ ይለኛል። ሆኖም የግጭ ሰው ተራራውን የጾመው አንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ሳሩን የሚያጭድበት፣ እንጨቱን የሚለቅምበት፣ የአባቱን መቃብር ደጅ የሚጠናበት ቀን አልተቀጠረለትም።

ሌላው መንገድ ከዚህ በደቡብ፣ በመንዝ ጓሳ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ሰው የጓሳውን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ማንም ሳር አያጭድም፣ ከብት አያስገባም፤ የደፈረ ይቀጣል። ሳሩ ሲደርስ ይከፈታል። ቤት የሚከድን ይከድንበታል፤ ገመድ የሚገምድ፣ ገሳ የሚሠራ ይሠራል። ድርቅ በሆነ ዘመን የመዝጊያው ጊዜ ያጥራል፤ ሕመምተኛ እንደማይጾመው ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳው የማንም ሆነና ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ በአዲስ ደንብ መልሶ አቆመው፤ ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አሉ። ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያደንቀው የመዝጋቱን ብርታት ነው። እኔን የገረመኝ መክፈታቸው ነው። ፋሲካ የሌለው ጾም ማን ይጾማል? 55ቱን ቀን የሚያስችለው የሌሊቱ ደወል መኖሩን ማወቅ ነው። ሜዳው እንደሚከፈትለት የሚያውቅ ሰው ዝናብ እየደበደበው ከብቱን ይመልሳል፤ እንደማይከፈትለት የሚያውቅ በጨለማ ይገባል።

አቡነ ዮሴፍም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተከልሏል፤ የሚኖሩበት ሰዎች ከተራራው አልተነሡም። በላስታና በመቄት የእንግዳ ማረፊያዎችን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ እንግዳው የሚከፍለው ለአስተናጋጁ፣ ለበቅሎ ነጂውና ለመንደሩ ጋራ ሳጥን ይደርሳል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ገንዘብ ጸጥታውን ገዝቶ የጨረሰ የሚመስለው እንግዳ አይቻለሁ፣ አይመቸኝም። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ስለዚህ እረኛው ዋሽንቱን እንዳይነፋ፣ ልጆች መንገድ ላይ እንዳይጯጯሁ፣ የደብሩ ሌሊት ማኅሌት በድምፅ ማጉያ እንዳይሰማ ይፈልጋል። በሌላ ሰው ጾም ቀን የመጣ እንግዳ ይህን መጠየቅ አይችልም። እሱም ከሚያውቀው ነገር አንድ ነገር መተው አለበት፤ ስልኩን፣ ጥድፊያውን፣ ተራራው የተቀመጠው ለእኔ ነው የሚለውን ሐሳብ። ቢያንስ የሚቀመጥበት ድንጋይ የማን ማሳ ድንበር እንደሆነ ይጠይቅ።

አዛውንቱ ከካቡ ሥር አብረውኝ ትንሽ ተቀመጡ። የጣሪያ ነገር አነሡ። መንደሩ ብዙው ቆርቆሮ ሆኗል አሉ፤ ቆርቆሮ ያልቻለው ግን አሁንም ጓሳ ይፈልጋል፤ ገሳውም ያለ ጓሳ አይሠራም፤ ለቡሄ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍም አለ። ሳሩ ሲደርስ እንዴት ይታጨድ የሚለውን በመንደር ስብሰባ ብዙ ተከራክረውበታል። የእሳቸው ሐሳብ ግልጽ ነው። መጀመሪያ አቅመ ደካማና ባሏ የሞተባት ሴት ይግቡ፤ ልጅ የሌለው ሰው ጎረቤቱ ያጭድለት። ቀጥሎ ለየቤቱ እኩል ሸክም፤ አህያ ያለው ሁለቴ አይጭን። ከዚያ ካቡ ይዘጋ። እንደተስማሙ ወይም እንዳልተስማሙ አልነገሩኝም፤ ቀኑ ገና ነበር።

ያ ቀን ሲመጣ እዚያ ብሆን እወዳለሁ። ጎብኚ ጸጥታ ፈልጎ የማይመጣበት ቀን ይሆናል። ከመቶ አቅጣጫ የማጭድ ድምፅ፣ የአህያ ጩኸት፣ ሸክም የሚያስሩ ሰዎች ጠብና ሳቅ፣ ጅራፍ ቀድሞ የገመደ ልጅ ማስጮኽ ሲጀምር የሚቆጣው አባት፤ ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ ሸሽተው ከዚያ ሆነው ይጮኻሉ። አዛውንቱ ያሰቡት ከሆነ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሸክሟን ይዛ ከሁሉ በፊት ወደ ታች ትወርዳለች፤ ቤቷን ከክረምት በፊት ለመክደን ጊዜ አላት።